ታማኝ የሚባለው ማን ነው?

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

«ታማኝ» የሚለው ቃል በእኛ ዘመን ብዙ በደል ደርሶበታል። አለቃውን የማይጠይቅ ሠራተኛ ታማኝ ይባላል። ለመጣው ሁሉ «እሺ» የሚል ሽማግሌ ታማኝ ይባላል። መብቱን የጠየቀ ሙስሊም ግን ለሀገሩ ያለው ታማኝነት ይመረመራል። ቃሉ ወደ ታዛዥነት ከወረደ እርስ በርስ የምንመዛዘንበት ሚዛንም አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እስቲ ወደ ቃሉ ሥር እንመለስ።

ሥሩ «አመነ» ነው። አመነ በአማርኛችን ብዙ ሥራ ይሠራል። ሰው በጌታው ያምናል። ተከሳሽ ያደረገውን ያምናል። ጎረቤትም ጎረቤቱን አምኖ የቤቱን ቁልፍ ይሰጣል። ከዚሁ ሥር «አማኝ» እና «ታማኝ» ይወጣሉ፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። አማኝ ራሱ የሚያምነው ነው። ታማኝ ከ«ታመነ» የመጣ ነው፤ ሌሎች ያመኑት ሰው ማለት ነው። እንግዲህ ሰው ስለ ራሱ «አማኝ ነኝ» ሊል ይችላል። ታማኝነቱን የሚመሰክሩለት ግን ያመኑት ሰዎች ናቸው። በሹመት አይገኝም፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀትም አያመጣውም።

ግእዙ «አምነ» ይላል። ዓረብኛውም በዚሁ ሥር ላይ ቆሞ ኢማን፣ አማና፣ አሚን ይላል፤ ከስጋት መዳንንም «አምን» ይለዋል። በመድረሳ ኢማን እና እምነት የአንድ ቤተሰብ ቃላት መሆናቸውን ስንነግራቸው ልጆች ይደነቃሉ። እኛ ከፋቲሓ በኋላ «ኣሚን» ስንል፣ ክርስቲያን ጎረቤታችን ከጸሎቱ በኋላ «አሜን» ሲል፣ ቃላችን ከአንድ ሥር ይቀዳል።

ከዚህ ቤተሰብ የምንማረው ትልቁ ቁም ነገር ኢማን እና አማና እንደማይለያዩ ነው። በልቤ አምኛለሁ እያለ በእጁ የተሰጠውን አደራ የሚበላ ሰው ቃሉን ለሁለት ቀዶታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከሙናፊቅ ምልክቶች አንዱ ሲያምኑት መክዳቱ መሆኑን ያስተማሩን ለዚህ ነው።

እርሳቸው ነቢይ ሆነው ከመላካቸው በፊት በመካ «አል-አሚን» ይባሉ ነበር። ያን ስም የሰጣቸው ተከታይ አልነበረም፤ ያኔ ተከታይ የሚባል ገና የለም። በገበያ፣ በጉዞና በሽምግልና ያወቋቸው የመካ ሰዎች ናቸው ያሉት። በኋላ ጠላት ሆነው የተነሱባቸው ቁረይሾች እንኳን ንብረታቸውን በአደራ የሚያስቀምጡት እርሳቸው ዘንድ ነበር። ሊገድሏቸው ሲዶልቱና ወደ መዲና ሲሰደዱ ዓሊይን (ረ.ዐ.) መካ አስቀሯቸው፤ አደራውን ለየባለቤቱ እንዲመልሱ። ታማኝነት ለወዳጅ ብቻ የሚውል ውለታ ቢሆን ኖሮ ያ ንብረት ተመላሽ ባልሆነ ነበር።

የሀገራችን ታሪክም ከዚሁ ቃል ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሰሃቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስን እና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ተከታትለው ላኩ። ስጦታው የደረሳቸው የንጉሡ አማካሪዎች «አሳልፈው ይስጧቸው» አሉ። ንጉሥ ነጃሺ ግን በእጃቸው የገባን ስደተኛ ሳይሰሙ አሳልፈው መስጠትን እምቢ አሉ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን ካዳመጡ በኋላም ስጦታው እንዲመለስ አዘዙ። ታማኝነት በወርቅም በቆዳም እንደማይሸጥ ይህች ምድር ቀድማ አሳይታለች።

በዚያችው ምድር ግን ሙስሊሙ ለብዙ ዘመን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ሲባል ኖረ፤ እንደ ተከራይ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሕዝቡ በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጣ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» ተብሎ መጠራት ነበር። በሰልፉ ክርስቲያን ወገኖችም ነበሩበት። ጎረቤት ጎረቤቱን እንደሚያምነው መንግሥት ዜጋውን አላመነውም ነበር።

በ2004 ከአወሊያ የተነሳው ጥያቄም እንዲሁ የአማና ጥያቄ ነው። መጅሊሱ ሕዝቡ በመረጣቸው ይመራ፤ የአህባሽ ሥልጠና በግድ መጫኑ ይቁም፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። ሕዝቡ ይህን እንዲያደርሱለት እምነቱን የጣለባቸው የኮሚቴው አባላት በሐምሌ 2004 ታሰሩ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 በእነርሱና አብረዋቸው በተከሰሱት ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ። የእነርሱን ታማኝነት የፍርድ ቤት መዝገብ አይወስነውም። ያመናቸው ሕዝብ ምስክር ነው።

ይህ ቃል ግን እኛንም ይጠይቀናል። በዚህ ትግል ውስጥ ወንድሙን ለመክሰስ «ከሃዲ» የሚለውን ቃል የሚያፋጥን ሰው አለ። ካደ የአመነ ተቃራኒ ነው፤ ሰው ዕዳውን ይክዳል፣ አደራውን ይክዳል። ሰውን ከሃዲ ለማለት መጀመሪያ የተቀበለው አደራ መኖር አለበት። ፈርቶ ቤቱ የቀረ ወንድም ከሃዲ አይደለም፤ ዛሬ ካልመጣ ነገ ይመጣል። ከሃዲ የሚባለው የሕዝብን አደራ ተቀብሎ የሸጠው ነው።

እንደ ጉንደ ወይን ባለች የጎጃም ከተማ ቁጥራችን ትንሽ ነው፤ አደባባይ የሚሞላ ሕዝብ የለንም። ነገር ግን በየገበያው ሚዛን እንይዛለን፤ ዱቤ የሰጠን፣ ልጁን «እስክመለስ እይልኝ» ብሎ የተወልን ጎረቤት አለን። ስለ ሙስሊሙ የሚወራውን ክፉ ወሬ የሚያፈርሰው ከመግለጫ ይልቅ ያ ያልጎደለ ሚዛን ነው። ትግላችን ሰላማዊ ሆኖ መዝለቁም የዚሁ አማና አንድ ክፍል ነው፤ ጎረቤታችን ከእኛ ክፉ እንደማይመጣበት አምኖናልና።

ስለዚህ «ታማኝ ነህ ወይ?» ተብለን ስንጠየቅ መልሳችን አጭር ይሁን፦ ያመኑንን ጠይቁ።

አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። ኣሚን።