አሮጌው አውሮፕላን፣ አዲሱ ሲሙሌተር

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው «ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ» 32 ቢት ነበር። በ2020 የመጣው ግን 64 ቢት ነው። የቁጥር ልዩነት ብቻ ይመስላል፤ ሰው በገንዘቡ የገዛቸውን፣ አንዳንዶችም ዓመታት ደክመው በነፃ የሠሯቸውን አውሮፕላኖች ግን መሬት ላይ ያስቀረ ልዩነት ነው።

የውጭ አካሉ ብዙም አያስቸግርም። ቅርጹን ወደ አዲሱ የፋይል ዓይነት መቀየር ትዕግሥት ላለው ሰው ይቻላል። ጣጣው ያለው ኮክፒቱ ውስጥ ነው። ከፍታና ፍጥነት የሚያሳዩት ጌጆች በሲ ቋንቋ ተጽፈው ለ32 ቢት የተዘጋጁ ከሆኑ፣ አዲሱ ሲሙሌተር ጭራሽ አይቀበላቸውም። ወይ ዋናው ኮድ ተገኝቶ ለዌብአሰምብሊ እንደገና ይዘጋጃል፣ ወይ ሁሉም በጃቫስክሪፕት ከዜሮ ይጻፋል። አለዚያ ጎማው ይታጠፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ መርፌው ግን ዜሮ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ኮዱ ያለው ደግሞ በሠሪው እጅ ነው። ያለ ፈቃዱ ቀይሮ ማሰራጨት፣ ይባስ ብሎም መሸጥ፣ የሰው ላብ መዝረፍ ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ግን መሸጡንም ማደሱንም የተወ ሠሪ ኮዱን ቆልፎ መቀመጡ ማንን ጠቀመ? «መብቴ ነው» ይል ይሆናል። አዎ፣ መብቱ ነው። ቢሆንም ምርቱን ከገበያ በሚያነሳበት ዕለት ቢያንስ የጌጆቹን ኮድ ይልቀቅ፤ የቀረውን የገዙት ሰዎች ራሳቸው ይጨርሱታል።