«አሞኛል» ማለት የሚቻልበት የሥራ ቦታ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ የውኃ በርሜልና ሳሙና በየመሥሪያ ቤቱ በር ለመቀመጥ ብዙ አልቆየም። ሙቀት መለኪያ መጣ፤ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሠራተኛው ግን ከማስታወቂያው ይልቅ አለቃውን ያይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ማስኩን አገጩ ሥር ባወረደበት ስብሰባ ሌላውም ተከትሎ ያወርዳል።

ከማስኩ የከበደው «አሞኛል» ማለቱ ነው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ እኅታችንን እናስብ። መስመሯ የቀኑን ኮታ ካልሞላ ትወቀሳለች፤ ሳትቀር በመሥራቷ የሚጨመርላት አበል አንድ ቀን ብትቀር ይቀርባታል፤ ኪራዩን የምትከፍለው ከጓደኞቿ ጋር ተጋርታ ነው። ታዲያ ሳል ጀምሯት ጠዋት ሰርቪስ ላይ ብትገኝ ግዴለሽ ልንላት ይገባል? በሽታው ለማሽን ጎረቤቷ፣ ለምሳ ሰልፈኛው፣ ማታም አብረዋት ለሚያድሩት እንዲተርፍ ያደረገው የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ነው። የቀን ሠራተኛውማ ይብስበታል፤ ካቦው ካልጠራው የዚያ ቀን እንጀራ የለውም።

ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ። ሆኖም ፈቃድ የጠየቀ ሁሉ በሰነፍ ዓይን በሚታይበት ቤት ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ወዲህ፣ ኅዳር ሲታጠን ሰፈርተኛው በአንድነት ወጥቶ ደጁን ይጠርጋል፤ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ያ በኅብረት የመውጣት ልማድ ወደ ሥራ ቦታችን መግባት አለበት፤ ሌላ ወረርሽኝ ሳይመጣ፣ አሁን።

ሥራ አስኪያጆች፣ ስትታመሙ ቤታችሁ ቅሩ፤ መቅረታችሁንም ሠራተኛው ይወቅ። የሠራተኛ ማኅበራት፣ በሐኪም ማስረጃ የቀረ ሰው አበሉ እንዳይቆረጥበት በኅብረት ስምምነቱ ድርድር ላይ አንሱ። ካቦዎች፣ ታሞ የቀረውን ሲድን መልሳችሁ ጥሩት። ሠራተኞች፣ የታመመውን ባልደረባችሁን ሥራ ሸፍኑለት እንጂ አትሙት፤ የደኅንነት ኮሚቴያችሁ መቼ ተሰብስቦ እንደሚያውቅም ጠይቁ። ኮሚቴ ከሌላችሁ ይቋቋም ብላችሁ በዚሁ ሳምንት በጽሑፍ አመልክቱ።