ዛፍ የማትወጣዋ የዛፍ እንቁራሪት

ልጆቻችሁ ኢላኒትን ያውቋታል። ኩሬ ዳር የምትጮኸው ትንሿ አረንጓዴ እንቁራሪት ናት። ስሟ «ኢላን» ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል፣ ማለትም ከዛፍ የመጣ ነው። ጣቶቿ ጫፍ ላይ ባለው ክብ መጣበቂያ ግንዱንም ቅጠሉንም ትወጣበታለች። «እማዬ፣ ኢትዮጵያ ውስጥስ አለች?» ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

እሷ የለችም። የኛ አገሮቹ የዛፍ እንቁራሪቶች ሌፕቶፔሊስ የሚባል ሌላ ወገን ናቸው፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ከ50 በላይ ዝርያዎች አሉት። በጣታቸው ኢላኒትን ቢመስሉም ዝምድናቸው የሩቅ ነው።

ከነዚህ አንዷ በጣም ትገርመኛለች። ሌፕቶፔሊስ ግራሚኔዩስ ትባላለች፣ የስሟ ትርጉም «የሣር» እንደማለት ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አትገኝም፤ ከ1,900 ሜትር ከፍታ አንስቶ እስከ 3,900 ሜትር ድረስ ትኖራለች። እዚያ ላይ ብርድ ነው፣ አብዛኛውም ሣር ነው። ስለዚህ ዘመዶቿ ዛፍ ላይ ሲንጠላጠሉ እሷ መሬት ቆፍራ ትገባለች! ዛፍ የመውጣት ነገር ትታዋለች።

ስሟን በ1898 (እንደ ፈረንጆቹ) ያወጣላት ቡለንጀር የተባለ ሊቅ ነው። በ1977 ደግሞ ላርገን የጎጃሟን የሣር ሜዳ እንቁራሪት ለይቶ ሌፕቶፔሊስ ያልዴኒ ብሎ ሰየማት። ከጎጃም በኩል የመጣችሁ፣ በክረምት ማታ ሜዳው ላይ ስትጮህ ሰምታችኋት ይሆናል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ስምጥ ሸለቆ ደጋውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ደገኛ እንቁራሪት ደግሞ ያንን ሞቃት ቆላ ወርዳ አትሻገርም። ዲኤንኤያቸው ሲመረመር በምሥራቅና በምዕራብ ያሉት ከጥንት ጀምሮ ተለያይተው የኖሩ ሆነው ተገኙ። በአንድ ስም ስር የተሰበሰቡት ከአንድ በላይ ናቸው ማለት ነው። ይሄ የሊቃውንት ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሁሉም አንድ ዝርያ ከሆኑ «በየተራራው ሞልታለች፣ አትጠፋም» ይባላል። ለየብቻቸው ከሆኑ ግን የአንዱ ተራራ ሜዳ ታርሶ ያለቀ ዕለት የዚያችኛዋ ዘር አብሮ ያልቃል፣ ከማዶ መጥታ የምትተካት የለችም።

ልጃችሁ ስለሷ ሺዑሬ ባይት የሚሠራ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የቆዩ መጻሕፍት ቤተሰቧን ሃይፐሮሊዴ ይላሉ። ከ2006 ወዲህ ግን አርትሮሌፕቲዴ ውስጥ ገብታለች፤ እሱን ይጻፍ።