የገንዘብ ጥናት የቡናውን ወራት ይቍጠር

ገንዘብ በእጅ ሲገኝ ወረቀት፣ በመዝገብ ሲጻፍም ቍጥር ነው። ዋጋ እንዲኖረው የሚያደርገው የሕዝብ እምነት ነው፤ ይህንንም እምነት እንዲጠብቅ ከመንግሥት አደራ የተቀበለው ብሔራዊ ባንክ ነው። ስለዚህ ባንኩ ስለ ዋጋ ንረት፣ ስለ ክፍያ መንገዶችና በባንኮች ላይ ሊደርስ ስለሚችለው አደጋ የሚያደርገው ጥናት በአዲስ አበባ ላሉ ጥቂት ሊቃውንት የተተወ ጕዳይ መስሎ ሊታይ አይገባውም። በጌዴኦ ዞን በወርቃ እሸት ቡናውን ለቅሞ የሚሸጠው ገበሬ የዓመት ድካሙ የሚመዘነው ከዚሁ ጥናት በሚወጣው ውሳኔ ነውና።

ገንዘብን መርምሮ መቀበል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር ሲገበያዩ በነበሩበት ዘመን፣ በጠገራው ላይ ያለውን የማርያ ቴሬዛን መልክና ጌጥ አተኵረው ሳያዩ አይቀበሉም ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ተከፈተ፤ በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ ከነጻነትም በኋላ በ1937 ዓ.ም. መንግሥት አዲሱን የኢትዮጵያ ገንዘብ አወጣ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ከንግድ ባንክ ተለይቶ ሥራውን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በጠገራው ላይ ያደርገው የነበረውን ምርመራ ስለ እርሱ ሆኖ የሚያደርግለት ይህ ባንክ ሆነ ማለት ነው።

አደራው በቅርብ ዓመታት ከባድ ፈተና ገጥሞታል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡ ለመለወጫው የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ከመቶ 30 በላይ ወጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ገንዘብን በወለድ መጠን የሚያስተዳድርበትን አዲስ ሥርዓት አቁሞ የፖሊሲ ወለዱን በመቶ 15 ወሰነ፤ በዚያው ወር በ22ኛው ቀን የብርን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ገበያው እንዲወስነው ተደረገ። ከዚያ በፊት 1 ዶላር ከ57 ብር ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ።

እነዚህ ውሳኔዎች ወደ ወርቃ የሚደርሱት በምን መንገድ ነው? መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው የቡናው ዋጋ ነው። ቡና በውጭ አገር በዶላር ስለሚሸጥ፣ የምንዛሪው ዋጋ ሲለወጥ የእሸቱም ዋጋ ሊከተለው ይችላል፤ ነገር ግን ገበሬው የሚገዛው ዘይትና ልብስም አብሮ ይወደዳል። ሁለተኛው መንገድ የነጋዴው ብድር ነው። እሸት ገዝቶ የሚያጥብ አቅራቢ ገንዘቡን ከባንክ ተበድሮ ይመጣል፤ እሸት ቡና ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይጐድላል። ስለዚህ ገዢው ገንዘብ ባጣ ጊዜ ሻጩ እስከ ነገ ልቈይ ለማለት አይችልም። በቅናሽ ይሸጣል፤ ወይም በዱቤ ሰጥቶ ይመለሳል፤ ወይም አድርቆ ጀንፈል ያደርገዋል።

ብሔራዊ ባንክ የዋጋውን ንረት ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት በመቶ ከ14 በላይ እንዳያድግ ገደብ አድርጎ ነበር፤ ገደቡም ከዚያ ወዲህ ከፍ ተደርጓል። የገደቡ ዓላማ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚዋዥቅ ገንዘብ ድኻውን ከሁሉ አስቀድሞ ይጐዳዋልና። ነገር ግን ገደቡ የተሰላው በዓመት ሲሆን፣ የጌዴኦ የብድር ፍላጎት ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት የሚከማች ነው። የዓመቱን አማካይ ብቻ የሚያይ ጥናት ይህን ሊያይ አይችልም። የወንዝን ጥልቀት በዓመት አማካይ ለክቶ በክረምት ተሻገር የሚል መሪ ቢኖር ማን ይከተለዋል?

ስለ ቁጠባም እንዲሁ ነው። ገበሬው ገንዘቡን በቤት አታኑር፣ ወደ ባንክ አግባ ተብሎ ይመከራል፤ ምክሩም መልካም ነው። ይሁን እንጂ እውነቱን ሁሉ መንገር ይገባል። ዋጋ በዓመት በመቶ 30 ሲጨምር፣ በቤት የተቀመጠ 10 ሺህ ብር በዓመቱ የሚገዛው ቀድሞ 7 ሺህ 700 ብር ይገዛው ከነበረው አይበልጥም። ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ በታዘዘው ዝቅተኛ ወለድ፣ ማለትም በመቶ 7፣ የተቀመጠውም ቢሆን ከ8 ሺህ 300 ብር አያልፍም። ባንክ ከእሳትና ከሌባ ያድናል፤ ከዋጋ ንረት ግን የሚያድነው የብሔራዊ ባንክ ጽናት ብቻ ነው።

ወደ ክፍያው መንገድ ስንመለስ፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻም ወዲህ ኤም-ፔሳ ገንዘብን በስልክ ማስተላለፍን ለብዙ ሰው አቅርበውታል። በቡና ወራት በጆንያ ብር ይዞ ከዲላ ወደ ወርቃ ከመጓዝ ይህ የተሻለ ነው። ነገር ግን መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው የአሠራር ብልሽት ሊረሳ አይገባውም። ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ቻሉ፤ የተንቀሳቀሰውም ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ነበረ ባንኩ ራሱ አስታወቀ። ከዚያም ብዙው ተመልሷል። በዚያ ሰዓት የተፈተነው ማሽኑ ብቻ አልነበረም፤ የሰውም ሕሊና ነበረ።

ምናልባት አንድ ሰው፣ የአገር ጥናት ለአንዲት ወርቃ ተብሎ አይደረግም ይል ይሆናል። ነገር ግን ቡና ለኢትዮጵያ በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባበት ጊዜ ደርሷል፤ ብሔራዊ ባንክ የሚቈጥረው ዶላር መነሻው በእንደዚህ ያለ ስፍራ፣ በእንሰትና በዛፍ ጥላ ሥር የሚለቀመው ፍሬ ነው። ምንጩን ሳያዩ የወንዙን ልክ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤቶችና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በመከር ወራት የእሸቱን ዋጋ፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በስልክ ወይም በዱቤ የተከፈለውንም በየሳምንቱ መዝግበው ወደ በላይ ያስተላልፉ፤ ብሔራዊ ባንክም ጥናቱን በመከርና በክረምት ለይቶ ያድርግ። ሁለተኛ፣ ወኪሉ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ መኖሩ፣ መብራትና ኔትወርክም መዝለቃቸው ሳይረጋገጥ ገበሬው በስልክ ብቻ ተቀበል ተብሎ አይገደድ። ሦስተኛ፣ ባንክ ቢወድቅ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ዋስትና የሚሰጥ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ መቋቋሙ ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ፣ በጌዴኦኛም ጭምር ይነገረው። የማይታወቅ ዋስትና እምነትን አይጨምርምና።

ካህናትና ሰባኪዎችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ዮሴፍ በጥጋብ ዓመታት እህልን ያከማቸው ወራትን ቈጥሮ ነው፤ ይህን ታሪክ የሚያውቅ መምህር በጥር ስለሚደረግ ቁጠባና በሰኔ ስለሚመጣ ችግር ለማስተማር ቃል አያጣም። ደግሞም የስልክን የምስጢር ቍጥር ለሌላ አሳልፎ አለመስጠትን፣ በስሕተት የመጣንም ገንዘብ መመለስን ያስተምር፤ ማንበብ የማይችለው ሰው ስልኩን ለጎረቤት ልጅ እየሰጠ ሲያስነብብ፣ ከማጭበርበር የሚጠብቀው የሌላው ሰው እግዚአብሔርን መፍራት ነውና።

ባለሥልጣን ቍጥሩን በእውነት ቢጽፍ፣ ካህን ሕሊናን ቢያነቃ፣ ብሔራዊ ባንክም የቡናውን ወራት ቢቈጥር፣ የብር እምነት በወርቃም እንደ አዲስ አበባ ይጸናል። የመጪው መከር ከመድረሱ በፊት ይህ እንዲጀመር አደራ እንላለን።