ዜሮን ማሳደድ
ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ልውጣ። ዱባይ የሚኖር ወዳጄ ሳሎኑ ውስጥ ባለው የጨው ውሃ አኳሪየም ኮራል ያረባል። ባለፈው ወር "ፎስፌቱ በዛ" ብሎ ፎስፌት የሚመጠውን የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ እጥፍ አድርጎ ጨመረ። መለኪያው ዜሮ አሳየ፤ ግማሾቹ ኮራሎች ነጥተው ሞቱ።

እኔ የምወቅሰው "ዜሮ ማለት ንጹሕ ነው" የሚለውን የሻጮች ወሬ ነው። ፎስፌት ለኮራልም ምግብ ነው! ብዙ አርቢዎች በሊትር ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ቢኖር አይጠሉም። ሲበዛ እርግጥ አልጌ ይወርሰዋል፣ የኮራሉም አጥንት በወጉ አይገነባም። ግን ዋናው ምንጭ ለዓሣ የምንበትነው ምግብ ነው። ድንጋዩም የጠጣውን ቀስ እያለ ስለሚተፋ በአንድ ሌሊት አይጠራም።

"መጀመሪያ ምግቡን ቀንስ" አልኩት።

"ዓሣዎቹ እኮ ሲያዩኝ ያሳዝኑኛል" አለኝ።