የሐሩርና የሌሊት ፍርድ

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተነሣው ጦርነት የአሰብን በር ከዘጋብን ወዲህ፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራ የሚወርደው አስፋልት የአገሪቱ ስንዴ፣ ማዳበሪያና ናፍጣ ከጅቡቲ የሚገባበት ዋና ጎዳና ሆኖ ሳለ፣ በእርሱ ላይ የሚመላለሰው የተሳቢ ሹፌር አዋሽ ላይ ሻዩን እየጠጣ ብቻውን የሚቆርጠውን ፍርድ ከቁም ነገር የሚጥፈው ሰው ጥቂት ነው።

ፍርዱም፣ በቀን ልውረድ ወይስ በሌሊት? የሚል ነው። በቀን የወረደ እንደሆነ፣ ጽላሎት በሌለበት በዚያ በረሃ ሐሩሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ያረጀ ጎማ ከነሙሉ ጭነቱ ይፈነዳል፤ ሹፌርና ረዳትም ክሪካቸውን አውጥተው በጋለ አስፋልት ላይ ይንበረከካሉ። በሌሊት የወረደ እንደሆነ ሞተሩም ሰውም ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ግመል አለ። የመኪናው መብራት ዝቅ ብሎ ስለሚያበራ ቀድሞ የሚታየው ቀጭን እግሩ ብቻ ነው፤ ገላው ከብርሃኑ በላይ በጨለማ ይቀራል፤ ሲገጭም የሚወድቀው በመስታወቱ ላይ ነው። ፍሬን በኃይል ቢያዝ ተሳቢው ይታጠፋል፣ መሪ ቢጠመዘዝ መኪናው ይገለበጣል። (በግመሉ ባለቤት መፍረድ አይገባም፤ መንገዱ በግጦሹ መካከል ገባ እንጂ ግጦሹ ወደ መንገዱ አልመጣም።)

አደጋ በደረሰ ጊዜ «የአሽከርካሪው ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። ሹፌሩን ከበደል ሁሉ ነጻ ላወጣው አልቃጣም፤ በጫት የተገፋ እንቅልፍ መልሶ እንደሚመጣ እርሱም ያውቃል። ነገር ግን በየሰዓቱ «የት ደረስክ?» እያለ የሚደውለው ባለንብረትና የመመለሻ ቀኑ ካለፈ ቅጣት የሚያስቆጥረው ባዶ ኮንቴይነር፣ መሪውን አብረው ሲይዙ ኖረው በመዝገቡ ላይ ስማቸው አለመገኘቱ ፍትሕ አይመስለኝም።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባቡር ይህን ሸክም ያቀልላል ያሉ ነበሩ፤ ሐዲዱ ግን ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ ስለሚታጠፍ የሰመራን መንገድ ሳይነካ ያልፋል። እኔስ መንገዱን ከማስፋት አስቀድሞ፣ በአዋሽና በሰመራ ዳስ፣ ውሃና ዘበኛ ያለው የመኪና ማቆሚያ እንዲሠራ እሻለሁ፤ ሌሊት የሚነዳ ሰው ቀን በመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ከናፍጣው በርሜል ሳይነቅል ይተኛልና። ለመንገድ ጥገና የሚሰበሰበው ገንዘብ ሹፌሩ ከሚቀዳው ነዳጅ ላይ ጭምር የሚቆረጥ ስለሆነ፣ ከዚያው ላይ ለዳሱ ቢወጣ ማንም ምጽዋት ሊለው አይችልም።

ዘአዋሽ