ከበሮ መቺ በሌለበት ቤት ስለ ከበሮ ድምፅ

በቤተ ሰብ መካከል የሚዘፈነውን ዘፈን በቤት ውስጥ ቀርጾ ማስቀመጥ ዛሬ የብዙ ሰው ልማድ ሆኗል። የዘፋኙ ድምፅ በስልክ ይያዛል፤ መሰንቆም ቢኖር እንዲሁ ይያዛል። ከበሮው ግን ያስቸግራል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲመታ ዘፋኙን ይውጠዋል፤ ደኅና መቺም በየቤቱ አይገኝም። ስለዚህ ብዙዎች ከኪቦርድ ወይም ከኮምፒዩተር የተዘጋጀ ምት አውጥተው ከዘፈኑ ሥር ያነጥፋሉ። ይህ ምት እውነተኛ ከበሮ ሆኖ ይሰማ ዘንድ ምን ማድረግ እንደሚያሻ በዛሬው ገጻችን ጥቂት እንናገራለን።

ነገሩን ያነሣንበት ምክንያት በጎንደር ከተማ በአንድ ወዳጃችን ቤት ያየነው ነው። እናቱ የዳባት ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከሰማንያ አልፏል። የልጅ ልጃቸው በዋሽንግተን ሊያገባ ሆነና፥ እርሳቸው መሄድ ስላልቻሉ የሰርጉን ዘፈን በገዛ ድምፃቸው ሊልኩለት ወደዱ። ልጃቸውም በኪቦርዱ ስድስት ቆጠራ ያለውን ቺክቺካ ከፍቶ «እምዬ፥ አሁን ይዝፈኑ» አላቸው። እናቲቱ ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ አቋረጡና «ልጄ፥ ይህ ሰው እኔን አይሰማኝም» አሉ።

በመሣሪያ ሥራ የተማሩ ሰዎች በብዙ ቃል የሚያስረዱትን እኒህ ባልቴት በአንድ ቃል ጨረሱት። ከበሮ መቺ ዘፋኙን ይጠብቃል፤ ቃሉ ሲረዝም እጁን ይገታል፤ እልልታው ሲነሣ ያጠብቃል። መሣሪያው ግን በጀመረበት ቁጥር ይጨርሳል። ይህን የሚጠራጠር ቢኖር የአቋቋም ምስክር ወደ ሆነችው ወደ ጎንደር በዓታ ሄዶ ያድምጥ፤ መረግዱ በዝግታ ተጀምሮ ወደ ጽፋት ሲደርስ የከበሮው ፍጥነት እንዴት እንደሚለወጥ ይሰማል። ይህን ስንል የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ ለሰርግ ዘፈን መቅረጫ አምጡ ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚቀረጸው ድምፁ ነው፤ ዘፋኙ በጭብጨባ ብቻ ይዝፈን፤ ከበሮው በኋላ ጭብጨባውን እየተከተለ ይግባ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ስለሚሠራው ነው የሚበላሽበት።

ቀጥሎ የድምፁ ነገር አለ። በፈረንጆች ቁጥር በ1980 ሮጀር ሊን የተባለው አሜሪካዊ ኤል ኤም 1 በሚባለው መሣሪያው ውስጥ የእውነተኛ ከበሮ ምት ቀርጾ አገባ፤ በዚያው ዓመት የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ያወጣው ቲ አር 808 ደግሞ ድምፁን በኤሌክትሪክ ብቻ ይፈጥር ነበር። ሁለቱም የተሠሩት በይበልጥ በበትር የሚመታውን የፈረንጅ ከበሮ አስበው ነው። የእኛ ከበሮ ግን በአንገት ታንግቶ በሁለት አፍ በመዳፍ የሚመታ ስለ ሆነ፥ ድምፁን ከእነዚያ መፈለግ ከባዕድ ቤት የእናትን ወጥ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ምቱን ከገዛ ቤት መሰብሰብ ይሻላል፤ ይህም ወዳጃችን ያደረገው ነው።

ከጎረቤት አንድ ከበሮ ተዋሰ። ጊዜው ክረምት ነበርና ቆዳው በእርጥበት ላልቶ ስለ ነበር፥ ከምድጃው ራቅ አድርጎ አሙቆ አጠበቀው። ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መቅረጽ የማይሞከር ነውና እስኪያባራ ጠበቀ። ድምፅ እንዳያስተጋባ በግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቀለ፤ ስልኩንም ከከበሮው ሦስት እርምጃ ያህል አራቀው፤ በቅርብ ቢሆን ኃይለኛውን ምት አፍኖ ያበላሸዋልና። ክፍሉ እናቲቱ የዘፈኑበት ያው ክፍል ነበር። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፤ ዘፋኙ በአንድ ቤት ከበሮው በሌላ ቤት የተቀረጹ እንደ ሆነ ጆሮ ወዲያው ይለያቸዋል።

ከዚያ በኋላ አንዱን ምት ለብቻው፥ በመካከሉ ዝም እያሉ፥ ሰፊውን አፍ በመዳፍ፥ ሰፊውን አፍ በጠርዙ፥ መዳፉን ሳያነሡ የታፈነውን፥ ጠባቡን አፍ በጣት፥ እያንዳንዱን ስምንት ስምንት ጊዜ ቀረጸ። ከስምንቱም አንዳንዱ በለሆሳስ፥ አንዳንዱ በኃይል ነበር። በኃይል የተመታውን ድምፁን ዝቅ በማድረግ ለስላሳ ማስመሰል አይቻልም፤ ቆዳው በኃይል ሲመታ ድምፁ ከፍ ማለቱ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ይለወጣል፥ ይሰላል። ደግሞም አንዱን ምት ብቻ እየደጋገሙ ቢያስገቡት እንደ መትረየስ ይሆናል፤ ስምንቱ እየተለዋወጡ ሲገቡ ግን እጅ መሆኑ ይታወቃል። በኮምፒዩተሩ ሲደረደሩም ሁሉም በልክ በመስመሩ ላይ አይቀመጡ፤ አንዱ ከሴኮንድ መቶኛ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ይቅደም፥ ሌላው ይዘግይ። ከዚህ ቢበልጥ ግን መቺው የሰከረ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ድካም የበዛበት ሰው ከበሮውን ቢተወው ከእኛ ዘንድ ነቀፌታ አያገኘውም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ዘፈን መሰንቆ ይዘው ነው፤ ዛሬም ይደመጣል። ሐሰተኛ ከበሮ ከመስማት እውነተኛ ጭብጨባ መስማት እኛ እንመርጣለን።

ሳንናገር ያለፍነው አንድ ነገር አለ። እነዚያን ምቶች አንድ በአንድ የመቱት እናቲቱ ራሳቸው ነበሩ። በወጣትነታቸው በሰርግ ቤት ከበሮ ይመቱ ነበር፤ ዛሬ ክንዳቸው ስለሚደክም አንድ ዘፈን መዝለቅ አይችሉም፤ አንድ ምት መትቶ ማረፍ ግን አልከበዳቸውም። ልጃቸው ምቱን ሁሉ ከድምፃቸው ሥር ሲያገጣጥም ሦስት ሌሊት ፈጀበት። በአራተኛው ቀን አሰማቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ካደመጡ በኋላ «እንደገና ከመጀመሪያው አሰማኝ» አሉ፤ ሙሽራይቱ ወደምትመሰገንበት ላይ ሲደርስም እጃቸውን አንሥተው «እዚህ ላይ እጄ ዘግይቷል፥ አስተካክለው» አሉት። አስተካክሎም ላከው።